ብርዱ ገባ፣ ኦቨኑን እናሙቀው፦ ለጾም የሚሆን ምን ትጋግራላችሁ?

ሰምሃል (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለዚህ ቤት። መስቀል አለፈ፣ ቅጠሉ መርገፍ ጀመረ፣ ማታ ያለ ሹራብ ደጅ መውጣት ቀረ። እዚህ ፎል ሲገባ ሱቁ ሁሉ ዱባ ነው። ቡናው ዱባ፣ ብስኩቱ ዱባ፣ ሻማው ሳይቀር ዱባ ይሸታል። እኔም አማረኝ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቤቱ ቀረፋ ቀረፋ እንዲሸት እፈልጋለሁ።

ችግሩ ጾም ነው። እናቴ ከኛ ጋር ናት፣ ጽጌን ትጾማለች። የፈቃድ ጾም ነው ብንላትም አትሰማም። እስከ ኅዳር 6 ወተትም እንቁላልም አትነካም። ትንሽ ቆይቶ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፤ በፈረንጅ ኖቬምበር 24 መሆኑ ነው። ታንክስጊቪንግ፣ የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ ደግሞ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው። 22 ወይም 23 ላይ ካልዋለ በቀር ጾሙ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የዚያን ቀን የሚቀርበው ፓይም የጾም መሆን አለበት።

ኢንተርኔት ላይ ያለው የፎል ኬክ ሁሉ ከእንቁላልና ከቅቤ ነው የሚጀምረው። የጾም የሚባለው ደግሞ በማግስቱ ይደርቅና ከሻይ ጋር ካልሆነ አይወርድም። እናንተ ምን ትጋግራላችሁ? ኬክም ይሁን ድፎም ይሁን፣ ብቻ በቤት ኦቨን የሚሆን ነገር ወዲህ በሉ።

ዳግም (ሚኒያፖሊስ)

ዱባ ለወጥ ነው ወገኖቼ። በጥቅምት አንድ አጥንት ሲባል አልሰማችሁም? በዚህ ብርድ ስለ ዱባ ኬክ ይወራል እንዴ!

ሰምሃል (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ዳግምዬ፣ ጾም ነው አልኩህ እኮ። አጥንቱ ለገና ይቆይህ።

ቅድስት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰምሃልዬ፣ መፍትሔው ዱባው ራሱ ነው። የጾም ኬክ የሚደርቀው እንቁላልና ቅቤ ስለወጣ ብቻ አይደለም። በነሱ ቦታ እርጥበት የሚይዝ ነገር ስላልገባ ነው። ብዙ ሰው እንቁላሉን ያወጣና ውሃ ይጨምራል። ውሃው ኦቨን ውስጥ ይተናል፣ ኬኩም ይደርቃል። የተፈጨ ዱባ ግን ውሃውን ይዞ ይቆያል። የዱባ ኬክ እንዲያውም በማግስቱ ነው የሚጥመው።

መጀመሪያ ግን ዱባውን እንምረጥ። ለሃሎዊን ፊት የሚቀረጽበትን ትልቁን ብርቱካንማ ዱባ ለመብል አትግዙ። ውሃ ብቻ ነው፣ ክር ክር ይላል፣ ጣዕምም የለው። የአገራችንን የወጥ ዱባ የሚተካው በተርነት የሚባለው አንገተ ረጅሙ ነው። ጊዜ የሌለው የቆርቆሮውን ይግዛ፣ ምንም ነውር የለውም። ብቻ ላዩን አንብቡ። ዱባ ብቻ የሚል አለ፣ ስኳርና ቅመም የገባበት የፓይ ሙሌትም አለ። የምትፈልጉት የመጀመሪያውን ነው። አንዱ ቆርቆሮ 425 ግራም ይይዛል። እዚህ አገር የታወቀው የሊቢስ ዱባ የሚታሸገው ኢሊኖይ ውስጥ ሞርተን በምትባል ከተማ ነው። ውስጡ ያለውም የሃሎዊኑ ዱባ አይደለም። ዲኪንሰን የሚባል፣ ቆዳው ፈዘዝ ያለ፣ የበተርነት የቅርብ ዘመድ ነው። ስለዚህ በተርነት መጠቀም ማጭበርበር አይደለም።

ጥሬውን ለምትሠሩ፦ ለሁለት ሰንጥቁት፣ ፍሬውን አውጡ። ፍሬው አይጣል፣ በጨው ተቆልቶ ቆንጆ የቡና ቁርስ ይሆናል። ዱባውን ዘይት ቀብታችሁ በሆዱ ትሪ ላይ ድፉትና በ400 ፋራናይት፣ ማለት በ200 ሴልሺየስ፣ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ጋግሩት። ቢላ ያለ ትግል ሲገባ በስሏል። ሥጋውን በማንኪያ ፍቃችሁ ፍጩትና ወንፊት ላይ ለግማሽ ሰዓት አንጠፍጥፉት። ይቺን አትዝለሉ። ማንኪያ አቁሙበት። ቀስ ብሎ ካጋደለ ልክ ነው፣ ወዲያው ዘፍ ካለ ገና ውሃ አለው።

አሁን ወደ ኬኩ። 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጡና 10 ደቂቃ ተዉት። ሲያዝለገልግ የእንቁላሉን ሥራ ይሠራል። 1 ኩባያ ዱባ፣ ከሩብ ጎደል 1 ኩባያ ስኳር፣ ግማሽ ኩባያ ዘይትና ሲሶ ኩባያ ውሃ ከተልባው ጋር ምቱ። በሌላ ሳህን 220 ግራም ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ግማሽ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ ጨው ንፉ። ቅመሙ 1 የሻይ ማንኪያ ተኩል ቀረፋ፣ ግማሽ ዝንጅብል፣ ቅርንፉድና ገውዝ ሩብ ሩብ። ፈረንጅ በትንሽ ብልቃጥ በውድ የሚሸጠው የዱባ ቅመም እኮ ከዚህ የተለየ ነገር ብዙም የለውም። ቤታችን ሻይ የሚፈላበት ቅመም ነው!

ዱቄቱን ስትጨምሩ አታብዙት። ደረቁ ዱቄት ሲጠፋ አቁሙ። አብዝታችሁ ካማሰላችሁ ኬኩ ዳቦ ይሆንባችኋል። ረዘም ባለው የዳቦ መጋገሪያ በ350 ፋራናይት (175 ሴልሺየስ) ከ55 እስከ 60 ደቂቃ። ስንጥር ስትሰኩበት ፍርፋሪ ይዞ ከወጣ ደርሷል። ሊጥ ይዞ ከወጣ 5 ደቂቃ ጨምሩ። ከኦቨን እንደወጣ አትቁረጡት። መሃሉ ገና እየበሰለ ነው።

ሰምሃል (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እጅሽን ቁርጥማት አይንካው! ተልባ ያልሽው የፈረንጅ ሱቅ ያለውን ነው ወይስ እናቴ ከአገር ቤት ያመጣችውን?

የብዙነሽ ጓዳ (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ ያው ተልባ ተልባ ነው። ለመጠጡና ለፍትፍቱ የምንቆላውን ለኬክ ባትቆዪው ይሻላል። የተቆላው ሽታው ይበረታል፣ ኬኩንም ያጠቁረዋል። ጥሬውን ልቅም አድርገሽ አበጥሪው፣ አሸዋ አያጣም። ስትፈልጊ ብቻ ፍጪው። ተፈጭቶ ከከረመ ይጎመዝዛል።

ስለ ቅመሙ አንድ ልጨምር። ገውዝ ባይኖር ኮረሪማ አድርጉበት። ከአንድ ኮረሪማ የወጣው ፍሬ ለአንድ ኬክ ይበቃል። ልጣጩን ጣሉ፣ ፍሬውን በሙቀጫ ከትንሽ ስኳር ጋር ውቀጡት። ስኳሩ ፍሬውን ቶሎ ያደቀዋል። ተፈጭቶ በላስቲክ የሚሸጠውን አትመኑ፣ ሽታው ካለቀ ቆይቷል።

ሊዲያ (ጎንደር)

እትዬ፣ ይቅርታ ላቋርጥዎት። እኔ ኦቨን የለኝም፣ ያለኝ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ይህን የዱባ ኬክ በድስት መሥራት ይቻላል?

የብዙነሽ ጓዳ (አዲስ አበባ)

እንዴታ! ኦቨን ትናንት የመጣ ነገር ነው። ወፍራም ድስት ውሰጂ፣ ሥሩን በደረቅ ጨው ወይም በታጠበ አሸዋ አንድ ጣት ያህል ሙይው። በላዩ ትንሽ ማስቀመጫ፣ ጣሳ ቆርጠሽም ቢሆን፣ አድርጊ። ድስቱን ከድነሽ 10 ደቂቃ አስግይው። ከዚያ ኬኩን ከነመጋገሪያው አስገቢ። ክዳኑን በንጹህ ጨርቅ ጠቅልይው፣ አለዚያ እንፋሎቱ ተመልሶ ኬኩ ላይ ይንጠባጠባል። ጨርቁ ወደ እሳቱ እንዳይወርድ ጫፎቹን ከላይ ቋጥሪያቸው። እሳቱ ዝቅ ይበል። ከ50 ደቂቃ በፊት አትክፈቺ። ላዩ እንደ ኦቨን አይቀላም፣ ውስጡ ግን ለስላሳ ይሆናል። ጨውን አትጣይው፣ ለሌላ ጊዜም ለዚሁ ያገለግላል።

መብራት መሃል ላይ ከሄደ ክዳኑን አትንኪ። የጋለው ጨው ለትንሽ ጊዜ ይይዘዋል። ካልተመለሰ ወደ ከሰል ነው።

ጌታሁን (ዴንቨር)

የቅድስትን አሠራር እዚህ ዴንቨር እንዳለ ብትወስዱት ኬኩ ጉብ ይልና መሃሉ ይሰምጣል። ከፍታው ነው። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,609 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቤኪንግ ሶዳውና ፓውደሩ የሚያወጡት ጋዝ በኃይል ይነፋል። ኬኩ አጥንት ሳያወጣ ያብጣል፣ ከዚያ ቁጭ ይላል።

ቤኪንግ ሶዳውንም ፓውደሩንም በሩብ ቀንሱ። ከስኳሩ 1 የሾርባ ማንኪያ አንሱ፣ ውሃውን በ2 የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ። ኦቨኑን ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ባልበለጠ ከፍ አድርጉት። አዲስ አበባ ያላችሁማ የባሰ ነው፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ናችሁ። እናንተ ማንሻውን ወደ ግማሽ ብታወርዱት ይሻላል።

ቶማስ ዳቦ ጋጋሪ (አዲስ አበባ)

ጌታሁን ትክክል ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው አያውቃትም። የውጭ የዳቦ አሠራር ላይ የዳቦው ውስጥ ከ93 እስከ 96 ሴልሺየስ ሲደርስ አውጡ ይላል። አዲስ አበባ ላይ ይህን ከጠበቃችሁ ዳቦው ይደርቃል፣ ቁጥሩ ግን አይመጣም። እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 አካባቢ ነው። በዳቦው ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። እኛ ጋ 88 ወይም 89 ካለ በስሏል። ቴርሞሜትር የሌለው ሥሩን በጣቱ ያንኳኳው፣ ድው ድው ካለ ደርሷል።

ሰምሃል ድፎ ጠይቃ ማንም አልመለሰላትም። የቤት ኦቨን ድፎ ይሄውላችሁ። 1 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ፓኬት ደረቅ እርሾ (7 ግራም ነው)፣ 620 ሚሊ ለብ ያለ ውሃ፣ 18 ግራም ጨው፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሲሶ ኩባያ ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ድምብላል። ለጾም በዘይቱ ያበቃል፣ ወተት የሚባል ነገር አያስፈልገውም። ውሃው እጅን ማቃጠል የለበትም። እርሾ 60 ዲግሪ አካባቢ ይሞታል፤ የሚወደው ከ35 እስከ 40 ያለውን ነው። 10 ደቂቃ እሹት። ሊጡ ለስለስ ብሎ ከእጅ ሲላቀቅ ይበቃዋል። እንጀራ የለመደ እጅ ሊጥ ማቅጠን ይወዳል፤ እዚህ ላይ ታገሡ።

አንድ ጊዜ ኩፍ ሲል ጨፍልቁት። መጋገሪያውን በኮባ አልብሱ፣ ሊጡን ገልብጡበት፣ እንደገና ኩፍ ይበል። በኮባ ሸፍኑት፣ በኮባው ላይ ፎይል ደርቡ። በ190 ሴልሺየስ 40 ደቂቃ ተሸፍኖ፣ ከዚያ ገልጣችሁ 15 ደቂቃ። የባህላዊው ድፎ ጥበብ ከላይም ከታችም እሳት ማግኘቱ ነው። የኦቨን ችግሩ ከላይ ያለው ሙቀት ቀጥታ መጥቶ ላዩን ቶሎ ማድረቁ ነው። ኮባውና ፎይሉ እንፋሎቱን ያፍኑታል።

ሰምሃል (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ወንድም ቶማስ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ኮባ ግን ከየት ላምጣ?

ቅድስት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

የእስያ ወይም የላቲን ገበያ ሂጂ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ የሙዝ ቅጠል በላስቲክ ታሽጎ ታገኛለሽ። አቅልጠሽ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው። ከመጠቀምሽ በፊት ምድጃው ላይ ወዲያና ወዲህ ሳብ ሳብ ካደረግሽው ይለሰልሳል፣ አይቀደድም። ሽታው የኮባን ያህል አይሆንም፣ ግን ቤቱን ያዳርሳል።

ሞት ይርሳኝ፣ እርሾም ላይ ነገር አለኝ። በዚህ ወር ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ ሊጥ አልነሳ ይላል። ኦቨኑን ሳትለኩሱ መብራቱን ብቻ አብሩና ሊጡን እዚያ አስቀምጡት። መብራቱ ራሱ ያሞቀዋል። ኦቨኑ ውስጥ ሊጥ እንዳለ በራፉ ላይ ወረቀት ለጥፉ ግን። ባለቤቴ አንዴ ፒዛ ሊያሞቅ ብሎ ለኮሰብኝ።

የትናየት (ዱባይ)

እናንተ ሊጥ አልነሳ አላችሁ፣ እኔ ጋ ደግሞ አልቀመጥ ብሏል። እዚህ ጥቅምት ማለት የእናንተ የሰመር ሐሩር ነው። ኩሽናው ይግላል፣ ሊጡ ለመገላበጥ እንኳ ጊዜ አይሰጥም፤ ኩፍ ይልና ይፈርሳል። የማደርገውን ልንገራችሁ። እርሾውን በግማሽ እቀንሳለሁ። በበረዶ ውሃ አቦካለሁ። ማታ ሥራ ስጨርስ አቡክቼ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ጠዋት አውጥቼ ቅርጽ እሰጠዋለሁ። ቀስ ብሎ ስለሚነሳ ጣዕሙ ይበልጣል፤ ትንሽ የእንጀራ ሊጥ ጣዕም ያመጣል፣ እኔ እወደዋለሁ። ማዳሜም ወዳዋለች፣ ለእንግዳ ሥሪልኝ ማለት ጀምራለች።

ዱቄትም ፍሪጅ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ውጭ ካደረ ነቀዝ አይቀርለትም።

ሚሚ (ፍራንክፈርት)

ጀርመን ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ ለድፎ ታይፕ 550 የሚለውን ዱቄት ግዙ። 405 ለኬክ ነው። ከወተቱ አጠገብ ካለው ማቀዝቀዣ 42 ግራም የሆነች ትንሽ እርጥብ እርሾ ትሸጣለች። ግማሿ ለ500 ግራም ዱቄት ይበቃል። ዱባውም እዚህ ይቀላል። ሆካይዶ የሚባለው ትንሹ ቀይ ዱባ ልጣጩ ከነሥጋው ይበላል፣ መላጥ የለ። ታጥቦ ይጋገራል፣ ከነልጣጩ ይፈጫል። የኬኩ ቀለም እንዴት እንደሚያምር!

እዚህ መስከረም ላይ ቤቱ ሁሉ የፕሪም ኬክ ነው። ሊጥ በትሪ ላይ ተዘርግቶ ሐምራዊው ፕሪም ተሰንጥቆ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይደረደርበታል። ሊጡን በቅቤ ፋንታ በዘይት፣ በወተት ፋንታ በውሃ አቡኩት፤ ማንም አይለየውም። ሁሉ ነገር ፍሬው ላይ ነው። ስኳሩን ግን ከተጋገረ በኋላ ነስንሱ። ቀድማችሁ ካደረጋችሁት ፕሪሙ ውሃውን ይለቅና ሊጡ ይረሰርሳል።

ሄለን (ሲያትል)

ዱባ ዱባ አላችሁ፣ ፖምን ረሳችሁት። ዋሽንግተን ስቴት ፖም በማምረት ከአሜሪካ አንደኛ ነው፣ በዚህ ወቅት ከመሬት ነው የምናነሳው ማለት ይቻላል። ለመጋገር ጎምዘዝ ያለውን አረንጓዴውን ግራኒ ስሚዝ ምረጡ። ጣፋጩና ለስላሳው ኦቨን ውስጥ ገንፎ ይሆናል። 6 ፖም ላጡ፣ ቁረጡ፣ በሎሚና በቀረፋ እሹ፣ ሳህን ውስጥ አድርጉ። ላዩን 1 ኩባያ አጃ፣ ግማሽ ኩባያ የጤፍ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ ቡናማ ስኳር፣ ሲሶ ኩባያ ዘይት፣ ቁንጥር ጨው በጣት ፈርፍሩበት። በ375 ፋራናይት 40 ደቂቃ፣ ጎኑ ሲንተከተክ ይወጣል። ጤፉ እዚህ ላይ ነው የሚያምረው፤ ትንሽ የተቆላ ለውዝ ጣዕም ይሰጣል፣ ላዩንም ኮሽኮሽ ያደርገዋል። እንቁላል የለ፣ ቅቤ የለ፣ ጾምነቱንም ማንም አያስተውል።

ለልጆች ቸኮሌት ከፈለጋችሁ የድሮ የአሜሪካ ኬክ አለ። እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ የሌለው። 1 ኩባያ ተኩል ዱቄት፣ 1 ኩባያ ስኳር፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ካካዋ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ግማሽ ጨው። በዚህ ላይ 6 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ ትንሽ ቫኒላ፣ 1 ኩባያ ውሃ። አቼቶው ከሶዳው ጋር ሲገናኝ አረፋ ያወጣል፣ ኬኩን የሚያነሳውም እሱ ነው። ስለዚህ ከተቀላቀለ በኋላ ወሬ የለም፣ ቀጥታ ኦቨን። 350 ላይ 30 ደቂቃ።

ሊዲያ (ጎንደር)

በጨንቻ ፖምስ ይሆናል?

ሄለን (ሲያትል)

ይሆናል እህቴ። ጠጠር ያለውን ምረጪ። ከጣፈጠብሽ ሎሚ ጨምሪበት።

አስቴር (ነታንያ)

ሰላም ከእስራኤል። እኛ ጋ የዳቦ ወቅት የሚደምቀው ለሲግድ፣ ለቤተ እስራኤል በዓል፣ ነው። ከዮም ኪፑር 50 ቀን በኋላ ይውላል፣ ስለዚህ ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ ነው። በፈረንጅ ከ2008 ጀምሮ በሕግ የታወቀ የአገሪቱ በዓል ሆኗል። ቀኑን ጾመን እንውልና ከሰዓት በኋላ በዳቦ ነው የምንፈታው። እናቶቻችን ለሰንበትም ለበዓልም ዳቦውን ሰፊ ድስት ውስጥ ነው የሚጋግሩት፣ እኔም እንደዚያው። ወፍራም ድስቱን ዘይት ቀብቼ ሊጡን እዚያው ውስጥ ኩፍ አስብለዋለሁ። በጣም ዝቅ ባለ እሳት ከድኜ 30 ደቂቃ፣ ገልብጬ 20 ደቂቃ። ሁለቱም ፊቱ ይቀላል። ሊዲያ፣ ኦቨን የለኝም ስትዪ አንቺንም አስቤ ነው የጻፍኩት። ስትገለብጪው በትልቅ ክዳን ላይ አውርደሽ መልሺው፣ በእጅ አትድፈሪ።

ዳግም (ሚኒያፖሊስ)

እሺ ተሸነፍኩ። አጥንቱን ትቼ የራሴን ላምጣ። ዳቦ ቆሎ በኦቨን። ዘይት ውስጥ ከመጥበስ ይቀላል፣ ቤቱም ዘይት ዘይት አይሸትም። 2 ኩባያ ዱቄት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሩብ ኩባያ ዘይት፣ ግማሽ ኩባያ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ። ሊጡ ጠጠር ይበል። በጣት ውፍረት አድቦልቡሉና በመቀስ ቁረጡት። በመቀስ! በቢላ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ነው። ትሪ ላይ በትኑት፣ 350 ላይ 25 ደቂቃ፣ መሃል ላይ አንድ ሁለቴ ናጥ ናጥ አድርጉት። ሲወጣ ለስላሳ ከመሰለ አትደንግጡ፣ ሲበርድ ይጠነክራል። ኳስ ሲታይ ዱባችሁን ማን እንደሚያስታውስ እናያለን።

የብዙነሽ ጓዳ (አዲስ አበባ)

በርበሬው ኦቨን ውስጥ እንዳያርር ልጄ። ሚጥሚጣም ጣል ብታደርግበት አይከፋም።

ሰምሃል (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሁላችሁም ተባረኩ። የቀረኝ የታንክስጊቪንጉ ፓይ ብቻ ነው። የሱቅ የፓይ ሊጥ ጾም ነው ወይስ አይደለም?

ቅድስት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እንደ ዕቃው ነው። አንዳንዱ በቅቤ ወይም በአሳማ ስብ ይሠራል፣ አንዳንዱ በአትክልት ዘይት። ማርጋሪን ሲባልም ሁሉም ጾም አይደለም፤ የወተት ውሃ የገባበት አለ። የተሠራበትን ዝርዝር እስከ መጨረሻው አንብቢ። አለዚያ ራስሽ ሥሪው። 1 ኩባያ ተኩል ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ። መዳመጥ አያስፈልገውም፣ በጣትሽ ሳህኑ ላይ ተጫኚው።

ውስጡ አንድ ቆርቆሮ ዱባ፣ 1 ኩባያ ወፍራሙ የኮኮናት ወተት፣ ሦስት አራተኛ ኩባያ ቡናማ ስኳር፣ ሩብ ኩባያ የበቆሎ ስታርች፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ያው ቅመም። ስታርቹን መጀመሪያ ከትንሽ የኮኮናት ወተት ጋር በጥብጪው፣ አለዚያ ይጓጉላል። 350 ላይ 1 ሰዓት ያህል። ጠርዙ ረግቶ መሃሉ ትንሽ ሲወዛወዝ አውጪው። ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ሌሊቱን ፍሪጅ ይደር። በእንቁላል የሚሠራው ፓይ ኦቨን ውስጥ ይረጋል፣ በስታርች የሚሠራው ግን በደንብ የሚረጋው ሲቀዘቅዝ ነው። ረቡዕ ማታ ካልጋገርሽው ሐሙስ ስትቆርጪው ይፈሳል።

ሰምሃል (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ረቡዕ ማታ ሥራ ነኝ። ቀደም አድርጌ ጋግሬ ፍሪዘር ባስገባውስ?

ቅድስት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ፓዩን ተዪው፣ ሲቀልጥ ውሃ ይለቅና ሥሩ ይረጥባል። ማክሰኞ ጋግሪው፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ ሐሙስ ምንም አይሆንም። የዱባ ኬኩና ድፎው ግን ፍሪዘር ይወዳሉ። በደንብ ይብረዱ፣ ቆራርጠሽ እያንዳንዱን በላስቲክ ጠቅልዪ፣ 3 ወር ድረስ ይቆያሉ። ሰሞኑን ጋግረሽ ካስቀመጥሽ ለነቢያት ጾም መግቢያ ይደርስልሻል። የድፎውን ቁራጭ ሳታቀልጪ ቀጥታ ቶስተር ውስጥ ማስገባት ትችያለሽ።